እጅ ንሱኝ ባዩ ካቦ

ካቦ ደምለው ሞተ። ወሬውን የሰማሁት ከጅጋ ገበያ ከተመለሱ ሴቶች ነው። አንደኛዋ ሸክሟን አውርዳ ወገቧን ይዛ፣ «አይ ሰው፣ ያን የመሰለ ትልቅ ሰው» አለች። ሌሎቹ ነፍስ ይማር አሉ። እኔም አፌ ለምዶ ነፍስ ይማር አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን በማለቴ ተጸጸትኩ።

በማግስቱ ደግሞ የቀብሩን ወሬ ሰማሁ። አንድ የተማረ ሰው ተነሥቶ፣ ካቦ ደምለው የቡሬን ልጆች ከማሽን ጋር ያስተዋወቀ፣ በጠላት ዘመን ወገኑን በክንፉ ያቀፈ ሰው ነበር ብሎ ተናገረ አሉ። ሰውም አለቀሰ አሉ። እኔ በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ሰው ከበዛ ድምፄ ይጠፋል፣ ዓይኔ መሬት መሬት ያያል። ትምህርቴም ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተማርኩት አራት ክፍል ነው። ቢሆንም ሁላችንም ዝም ካልን ያ ንግግር እውነት ሆኖ ይቀራል። ሰው ሲሞት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። እኔን ያድርገኝ።

በቁሙ ሳለ አንቱ ስንለው ኖረናል። እዚህ ግን አንቱ አልለውም። አንቱታውን ወደን አልሰጠነውም፤ በግድ ነው የወሰደው። አሁን መልሼ ወስጄዋለሁ።

ያወቅሁት ቡሬ፣ ከጣሊያን ጦር ሰፈር አጠገብ በነበረው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። በሬዎቻችንን ወታደሮች ነድተው ወስደው አርደዋቸዋል። ታላቅ ወንድሜ አንዳርጌ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ከእርሻው በተጨማሪ ቀንበርና የቤት መዝጊያ መሥራት ያውቅ ነበር። ስለዚህ በሬ የሚገዛበትን እስኪያገኝ ድረስ ብሎ ለጣሊያን አናጢ ሆነ። ሐሳቡ አንድ ጥማድ በሬ ገዝቶ ወደ መሬቱ መመለስ ነበር፤ ሌላ ምኞት አልነበረውም። እኔም ከእሱ ጋር ገባሁ። ሥራዬ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጦ የተሠራውን መስኮትና በር በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንፈትጋለን፣ ሰጋቱራ ቅንድባችን ላይ ሳይቀር ይጋገራል፤ ማታ ስንወጣ ሁላችንም ሽማግሌ እንመስላለን።

ካቦ ደምለው የሁላችን አለቃ ነበር። ረጅም ሰው አይደለም፤ ረጅም የሚመስለው ባርኔጣውን አናቱ ጫፍ ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው። የጣሊያን ጫማ ያደርግ ነበር። ጫማው ለሌላ ሰው እግር የተሠራ ስለሆነ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆበታል። በደረት ኪሱ የሚታጠፍ ሜትር ይሰካል። ያ ሜትር ተዘርግቶ አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን የበር ቁመት ለካ ሲሉት ሜትሩን ሳያወጣ ቀዳዳውን በዓይኑ ከላይ እስከ ታች ቃኘና «በቂ ነው» አለ። የተሠራው በር ከሲሶ በላይ አጠረ። ጥፋቱ ግን የአናጢው ሆነ።

ጣሊያንኛ ያውቃል ተብሎ ነው የተሾመው። የሚያውቀው ሱቢቶና አቫንቲ፣ ቶሎና ወደ ፊት፣ የሚሉትን ቃላት ብቻ ነበር። ጣሊያኖቹ ረጅም ነገር ሲነግሩት ራሱን እየነቀነቀ፣ አንዳንዴም እንደ ገባው ሰው ፈገግ እያለ ያዳምጣል። ሲጨርሱ ወደኛ ዞር ይልና «በርቱ ነው የሚሉት» ይላል። ጣሊያን ቢቆጣም፣ ቢስቅም፣ ከሥራ ቢያባርረንም ለደምለው ነገሩ ያው ነው። በርቱ ነው የሚሉት።

ከዚያ በፊት የአንድ ባላባት በቅሎ ያዥ እንደ ነበር የነገረችን እማማ ጥሩነሽ ናት። እማማ ጥሩነሽ ከእኔ ጎን የምትፈትግ፣ የመሪጌታ ልጅ የሆነች አሮጊት ነበረች። ቅኔ ቤት ደጃፍ ላይ ስላደገች ነገር ሁለት አድርጋ ካልተናገረች አይሆንላትም። ደምለው ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ይዞ ለጌታው፣ ለጌታው ሚስት፣ ለጌታው እንግዳ እጅ ሲነሣ ኖሯል። ጣሊያን ሲመጣ ሌላው ደመወዝ አገኘ፣ ሌላው ጫማ አገኘ። ደምለው ያገኘው እጅ የሚነሣው ሰው ነው። ከዚያ የበለጠ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ገና ከመጀመሪያው፣ «ይህ ሰው እጅ ይወዳል ልጆቼ። አንድ ቀን እጅ ሳይነሣን አይቀርም» አለችን። ሳቅን። ሁለተኛው ትርጉም ያን ዕለት ለእሷም የገባት አይመስለኝም።

ሥራ ቤቱ ውስጥ ቱፒ የሚባል ማሽን ነበር። ከጣሊያን ጋር የመጣው መካኒክ ቱፒ ይለዋል፣ እኛም ቱፒ አልነው። ሲያዩት ሰፊ የብረት ጠረጴዛ ነው። በጠረጴዛው መካከል ካለው ቀዳዳ አንድ ብረት ብቅ ይላል፤ ብረቱ ላይ ስለታም ቢላዎች ታስረዋል። ሞተሩ ሲነሣ በቀበቶ ተስቦ ብረቱ ይዞራል። እንጨቱን ከኋላው ደጋፊ አስደግፈው ወደ ቢላው ሲገፉት፣ ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለ፣ ያማረ መስመር ያወጣል። በእጅ ቢሠራ ቀን የሚፈጀው የመስኮት ክፈፍ ውኃ እስኪጠጡ ያልቃል። ክፋቱ ግን ቢላው በጣም ሲፈጥን ዓይን አያየውም። የቆመ ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ ይታያል።

መካኒኩን ማስትሮ እንለው ነበር። ሽበታም፣ ተሳዳቢ ሰው ነው፤ ማሽኑን ግን እንደ ክፉ ውሻ ይፈራዋል። ቱፒው የተተከለ ዕለት አናጢዎቹን ሰብስቦ ብዙ ተናገረ። እጁን አወናጨፈ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠቆመ። ሲጨርስ ሁላችንም ወደ ደምለው አየን። ደምለው ጉሮሮውን ጠረገ።

«በርቱ ነው የሚሉት» አለ።

ማስትሮው አማርኛ ባያውቅም ያን የሚያህል ንግግር በዚያች አጭር ቃል እንዳላለቀ ገባው። ደምለውን በክንዱ ገፋ አደረገና ራሱ በምልክት ማስተማር ጀመረ። የአንዱን አናጢ ነጠላ ከትከሻው ገፈፈ። ቱፒውን አስነሣና የነጠላውን ጫፍ ወደዚያች ጭስ ወደምትመስለው ነገር ወረወረ። ነጠላው ሲሄድ አላየነውም። ብረቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ተቦጫጭቆ ነው ያየነው። ከዚያ ማስትሮው የራሱን እጅጌ እስከ ክንዱ ሰብስቦ አሳየን። ልብስ አይንጠለጠል ማለቱ ነው፤ ለዚያ አስተርጓሚ አያሻም።

ሌላውንም እንደዚያው አሳየ። እንጨት የሚገፋው ቢላው ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው እንጂ በዞረበት በኩል አይደለም፤ በዞረበት በኩል ከሆነ ቢላው እንጨቱን ከእጅ ነጥቆ ይወረውራል፣ እጅንም ተከትሎ ይስባል። አጭር እንጨት በጣት አይገፋም፣ ለመግፊያ የተዘጋጀ ዱላ አለ። ሞተሩ ቢጠፋም ቢላው ወዲያው አይቆምም፤ ፈጽሞ ቆሞ ካልታየ አይነካም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማሽኑ ላይ ያለ ሰው ዓይኑን አያነሣም፣ ሌላውም ሰው አይጠራውም። ይህን ያሳየን በጠመኔ ነው። ቱፒውን ዞሮ ወለሉ ላይ ክብ አሰመረና፣ ከክቡ ውጭ ቆሞ አፉን በእጁ ከደነ። ቱፒው ሲዞር ከዚህ መስመር አይታለፍም፣ ቃልም አይወጣም ማለቱ ነበር። ከዚያ ሁሉንም አሠርቶ ፈተነና ማሽኑን ለጋሼ አንዳርጌ ሰጠው። ለምን እሱን እንደ መረጠ አላውቅም። ምናልባት ነጠላው ሲቦጫጨቅ ሌሎቹ ሲስቁ እሱ ስላልሳቀ ይሆናል።

ጋሼ እንደ ታዘዘው ይሠራ ነበር። ጠዋት ሲገባ ነጠላውን አጣጥፎ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፣ በሸሚዙ ብቻ ይቆማል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ቢላው በደንብ መታሰሩን በእጁ ያያል፣ ከዚያ ነው ሞተር አስነሡ የሚለው። በመስመሩ ውስጥ ሳለ እኔ እንኳ ውኃ ልስጥህ አልለውም።

ከዚያ ማስትሮውን ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። ሥራ ቤቱ ለደምለው ቀረ።

ማስትሮው በሄደ ማግስት ደምለው መጀመሪያ ያደረገው ወደ ቱፒው ሄዶ የጠመኔውን መስመር በጫማው መፈተግ ነው። «ለእኔ ደግሞ መስመር ይሰመርልኛል?» አለ። ቀጥሎ ሕጉን ነገረን። እሱ ሲገባ ሁሉም ይነሣል። ወንዱ ነጠላውን ያደገድጋል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ሴቱም ይነሣል። ሥራ ላይ ነኝ የሚል የለም።

አገሩ ያውቀዋል፤ ለትልቅ ሰው ማደግደግ የነበረ ነው። ነጠላን ከትከሻ አውርዶ ደረት ላይ አዙሮ ማሠር፣ ጫፉን መልቀቅ። ግን ለባላባቱ የሚያደገድጉት ግቢ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚዞር ቢላ የለም። ጋሼ አንዳርጌ ይህን ሊያስረዳው ሞከረ። እኔ እዚያው ስለ ነበርኩ ቃሉን እስካሁን አስታውሳለሁ። በጣም ዝቅ ብሎ፣ እንደ ደብር አለቃ አክብሮ ነው የተናገረው።

«ጌታዬ፣ ቱፒው ሲዞር ዓይን ማንሣት አይሆንም። ነጠላም ይይዛል። እንጨቱን ጨርሼ፣ አጥፍቼ፣ ወጥቼ ደጅ ድረስ መጥቼ እጅ ልንሣዎት?»

ደምለው ሜትሩን ኪሱ ውስጥ አስተካከለ። «ማን ነው ጌታህ? እኔ ነኝ ወይስ ይህ ብረት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያ ብረቱ ይጠብቅ።»

«ብረቱ አይጠብቅም ጌታዬ።»

«ታዲያ በሸሚዝህ፣ ራቁትህን ነው የምትቀበለኝ? እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?» አለና ወጣ። አናጢዎቹ አቀረቀሩ። ጦር ሰፈሩ አጠገብ ነው፤ ደምለው አንድ ሰው ላይ ጣቱን ቀስሮ ይህ የሽፍታ ወገን ነው ቢል ያ ሰው ለምሳ አይመለስም። ሁሉም ያን ያውቃል፤ ደምለውም ማወቃችንን ያውቃል።

ጋሼም ነጠላውን ማደግደግ ጀመረ። ጫፉን እየጠቀለለ ወገቡ ላይ ይሸጉጠዋል፤ ግን ሲጎነበስ እየተፈታ ይወጣል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርን። ሞተሩ ስለሚጮህ በድምፅ ማስጠንቀቅ አይቻልም። እኔ ከበሩ ትይዩ፣ የቀበቶው ማላቀቂያ እንጨት አጠገብ እየተቀመጥኩ መፈተግ ያዝኩ። የደምለው ባርኔጣ በር ላይ ብቅ ሲል እንጨቱን እስባለሁ፤ ቀበቶው ይወርዳል፤ ቱፒው እያቃሰተ ይደክማል። ጋሼ ድምፁ ሲለወጥ ያውቃል። የያዘውን ይመልሳል፣ እጁን ከጠረጴዛው ያርቃል፣ ከዚያ ዞሮ እጅ ይነሣል።

ደምለው መጀመሪያ ነገሩን እንዴት እንደ ተረዳው ብነግራችሁ አታምኑኝም። ማሽኑ ያከበረው መሰለው። እሱ ሲገባ ቱፒው በየጊዜው ዝም ሲል እያየ ደረቱ ተነፋ። አንድ ቀን ለዘበኞቹ፣ «እኔ ስገባ የጣሊያን ብረት እንኳ ዝም ይላል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እማማ ጥሩነሽ ብርጭቆ ወረቀቷን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን አፈነች። ከንፈሯ ተፋቀ።

ደምለው ሥራ ስለሌለው በቀን ብዙ ጊዜ ነበር የሚገባው። በገባ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል። የመስኮቱ ሥራ ዘገየና የጦር ሰፈሩ ሹም ጣሊያን ደምለውን ጠርቶ ጮኸበት። ያን ዕለት ደምለው ቱፒው እንዳላከበረው የገባው ይመስለኛል። ተናደደ። የተናደደው ሥራው ስለ ዘገየ አይደለም። እጅ የሚነሣው ሰው ተዘጋጅቶ፣ ጊዜ ወስዶ፣ እንደ ልቡ እየነሣው መሆኑን ሲያውቅ ክብሩ የተሰረቀ መሰለው። እኔን ከማላቀቂያው አስነሥቶ ኮላ የሚፈላበት ጥግ ወሰደኝ። ቀበቶውን ያለ እሱ ትእዛዝ ማንም እንዳይነካ አለ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ።

አዎ፣ ጫማውን። ያን የሚኮራበትን ጫማ አውልቆ በእጁ ይዞ በጓሮው በር መግባት ጀመረ። ሳይሰሙት ሲገባ የሚነሡትን ከማይነሡት ሊለይ ነው። ከጀርባችን በባዶ እግሩ መጥቶ ቆሞ ያያል። ያላየው ሰው ቅጣት አለበት። ያንጊዜ ሁላችንም እየፈተግን ከኋላችን ማየት ለመድን፤ አናጢዎቹ መጋዝ እየሳቡ አንገታቸውን ያዞሩ ነበር። በዚያ ሳምንት ያልተቆረጠ ጣት መኖሩ ይገርመኛል። ጋሼ ብቻ አይዞርም። ቢቀጣኝ ይቅጣኝ አለኝ ማታ ወደ ቤት ስንሄድ፤ ደመወዝ ቢይዝብኝ በሬው ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ እጄ ከሄደ ግን በሬውንስ በምን አርሳለሁ አለ።

ያ ቀን ተራ ቀን ነበር። ጋሼ ረጅም የዝግባ ክፈፍ እየገፋ ነው። ነጠላውን እንደ ሕጉ አደግድጓል። ደምለው በጓሮ በር ገባ። ጫማው በእጁ ነው። ከቱፒው ወዲህ፣ ማስትሮው መስመር አስምሮበት ከነበረው ቦታ ውስጥ ገብቶ ከጋሼ ጀርባ ቆመ። ኮላው አጠገብ ሆኜ አየሁት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ማስትሮው አፉን በእጁ ከድኖ ያሳየን ትዝ አለኝና ድምፅ ካሰማሁ ዓይኑን ያነሣል ብዬ ዋጥኩት። ደምለው ግን አልዋጠም። በጫማው ሶል የጋሼን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«እጅ አትነሣም?»

ጋሼ ዞረ። አለቃው ነው። እንጨቱ ገና ቢላው ላይ ነው። በግራ እጁ እንጨቱን እንደ ያዘ ጎንበስ አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ጎንበስ አለለት። የነጠላው ጫፍ ከወገቡ ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀና ሄደ። ጋሼ ሊያስለቅቀው ቀኝ እጁን ሰደደ።

ሞተሩን ያጠፋው ሌላ አናጢ ነው። ደምለው አልነበረም። ደምለው ወደ ኋላ አፈግፍጎ ጫማውን ያደርግ ነበር። ሰው እየተሯሯጠ፣ እማማ ጥሩነሽ ነጠላዋን እየቀደደች፣ ደሙ በሰጋቱራው ላይ እየሰፋ፣ እሱ አንድ እግሩ ላይ ቆሞ የጫማውን ማሠሪያ ያሥራል። ሹሙ ከመምጣቱ በፊት ጫማ አድርጎ መታየት ስላለበት ነው።

ሹሙ መጣና ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ደምለው ወደ ዓይኑ ጠቆመ፤ ቀጥሎ ወደ ጋሼ፤ ቀጥሎ ወደ ጣሪያው። በኋላም በአማርኛ፣ እኛ እንድንሰማው፣ «ዓይኑን ከሥራው አነሣ» አለ። ውሸት አልነበረም። ከተናገራቸው ነገሮች ሁሉ እውነቱ ያ ብቻ ነው። ሹሙ ተበሳጨና ረጅም ነገር ተናገረ፣ ወደ ቱፒው እያየ፣ ወደ ደሙ እያየ። ደምለው ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። ከዚያ ወደኛ ዞረ።

«በርቱ ነው የሚሉት።»

ወደ ቤት ስንደርስ እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ቀኙ ነው ግራው?» ቀኙ ነው አልኳት። ውኃ ልታሞቅ ተነሣች። ከአውራ ጣቱ በቀር የተረፈለት አልነበረም። ቁስሉ በማርና በቅቤ እየታሸ ዳነ። መጀመሪያ የተማረው በግራ እጁ ማማተብ ነው፤ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ቄሱን አስጠየቀ፣ ቄሱም አይደለም አሉት። በሬው አልተገዛም። መሬታችንን ሌላ ሰው ምርቱን እኩል ሊካፈል አረሰው።

ደምለው አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቀው አልመጣም። ሰው ልኮ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ነጠላው ተቦጫጭቆ ብረቱ ላይ ስለ ተጠመጠመ ማን ያስለቅቀዋል የሚል ነበር።

እንዲህ ሆኖ ቆየና ጣሊያን ወጣ። ንጉሡ ተመለሱ፤ አርበኞቹ ከየጫካው ከተማ ገቡ። ጠጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ፣ እግራቸው የተሰነጣጠቀ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ደምለው ጠመንጃ ይዞ ታየ። ጠጉሩ ገና ጆሮውን አልሸፈነም። አርበኝነቱም ከጠጉሩ አይበልጥም።

ለቆሰለ አርበኛና ለጠላት ንብረት ላጠፋ ሰው መሬት ይሰጣል የሚባል ወሬ መጣ። ያን ጊዜ ደምለው ቤታችንን አወቀው። በር ላይ ቆሞ ጋሼን «ጀግናው» ብሎ ጠራው። ተቀመጠና ነገሩን ዘረጋ። የጣሊያንን ማሽን ለማበላሸት እሱ በምስጢር እንዳዘዘ፣ ጋሼም ትእዛዙን ሲፈጽም እጁን ለአገሩ እንደ ሰጠ እንዲመሰክር ነው። አንተም ትቆጠራለህ፣ እኔም እቆጠራለሁ፣ መሬቱን ጎን ለጎን እናስመራዋለን አለ። ጋሼ የተረፈችውን አውራ ጣቱን በግራ እጁ ይዞ ያዳምጣል። እናቴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ ቀና ብላ ጋሼን አየችው። መሬቱን በእኩል አሳርሰን በምናገኘው እህል ክረምቱን እንደማንሻገር ሁላችንም እናውቅ ነበር። በአንድ ቃል መሬትም በሬም ይገኛል። እናቴ ተናገር አላለችውም፣ አትናገርም አላለችውም። ሲወጣ ግን ደምለውን እስከ ደጅ ሸኘችው፤ ያ አስፈራኝ።

የመሬት ጠያቂዎቹን ቃል የሚሰማው ጉባኤ የተቀመጠው ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው፣ ያኔ ወጀት በምንላት ከተማ፣ በሜዳ ላይ ነው። ዳኛው፣ ሽማግሌዎቹና አርበኞቹ ተቀምጠዋል። ሌላው ቆሟል። እኔና እናቴ ከሴቶቹ መካከል ነበርን። ደምለው ቆሞ ተናገረ፤ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ሥራ ቤቱ የጠላት ልብ ነበር አለ። እኔ ልቡ ውስጥ ገብቼ ነበር አለ። የዚህ ልጅ እጅ ምስክሬ ነው ብሎ ወደ ጋሼ አመለከተ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱ የጋሼን እጅ አይቶ ደረቱን መታ።

ዳኛው ጋሼን ጠየቁት። «ልጄ፣ እጅህን ለአገርህ የሰጠኸው በዚህ ሰው ትእዛዝ ነው?»

ጋሼ ወደ ፊት ወጣ። እናቴ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ነበር።

«በእርሳቸው ትእዛዝስ ነው ጌታዬ» አለ። ደምለው ራሱን ነቀነቀ። «ለአገሬ ግን አልሰጠሁም። ማሽኑንም አላበላሸሁም፤ እንዲያውም ጥሩ አድርጌ ነበር የምሠራበት። እርሳቸው ከኋላዬ መጥተው እጅ አትነሣም አሉኝ። ቱፒው እየዞረ እጅ ነሣኋቸው። እጄን የወሰደው ያ ነው። እኔ አርበኛ አይደለሁም፣ ከአርበኛ ጋር አትቁጠሩኝ።»

 ከአርበኞቹ አንዱ፣ ጠጉሩ በእውነት የወረደው፣ ተነሥቶ ለጋሼ ቦታ ለቀቀለት። ጋሼ አልተቀመጠም። እናቴ የቀሚሴን ጫፍ ለቀቀችው፤ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፣ ወደ ቤት የምንሄድበትን መንገድ ብቻ አየች።

ደምለው አፈረ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። አላፈረም። ባርኔጣውን አናቱ ላይ አስተካከለ፣ ወደ ዳኛው ዞረ፣ በደስታ ፊቱ በራ።

«ሰማችሁ አይደለም ጌቶቼ?» አለ። «በዚያ በጭንቅ ዘመን እንኳ እጅ ይነሣኝ ነበር።»